የአምባዛው ፎቶና የዩሱፍ ድርሻ

ሰኞ

ይህን የምትጽፈው የልጄ ሚስት ሰናይት ናት። እጁ የእሷ ነው፤ ቃሉ የእኔ የተሾመ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። የባቡሩ ኩባንያ፣ ሸሚንደፈር፣ ሲቀጥረኝ መዶሻ ታነሳለህ ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ታነባለህ ወይ አላለኝም። ሰናይት ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትሠራ ፈረቃዋ ከሰዓት ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር ነው። እኔ ትንሽ ተናግሬ ብዕሯ ብዙ ከሮጠ የጨመረችው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ይህንንም ጻፊው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ከመጽሔቱ። ስለ አደንና ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወጣ መጽሔት ነው። ስሙን አሁን አልጠራም። እንደተናገርኩት ካወጡልኝ ያን ጊዜ እጠራዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ፀጉር ቤት ነው። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ያለው ሰው መጽሔቱን ያገላብጣል። አየት ባደርግ መነጽር ያደረገ ሰውዬ መዳፍ የምታክል ቀረሶ ይዞ ጥርሱን ያሳያል። «ይቺን እኮ እኛ መንጠቆ ላይ ነበር የምንሰካት» አልኩ። ፀጉር ቆራጩ፣ «እንግዲያው የእርስዎን ይላኩላቸዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። የተቀመጠውም ሁሉ ሳቀ። ላክሁላቸው። እኔ ተናገርኩ፣ ሰናይት በስልኳ ጻፈች፣ ግድግዳዬ ላይ ያለውንም ፎቶ በስልኳ አንስታ አብራ ላከች። ወር አለፈው። ረስተውኛል ብዬ ነበር።

የደወለው አዘጋጅ ነኝ ይላል። ድምፁ ገና ልጅ ነው፤ ግን ጨዋ ነው። «ጋሽ ተሾመ፣ ጽሑፍዎን በጣም ወደነዋል» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ቀጥሎ «ግን» አለ። ያለኝን ለየብቻ አስፍሪው፦

ፎቶው ይጥራ።

ፎቶው ላይ አጥማጁ ብቻውን ከዓሣው ጋር ይታይ። የመጽሔቱ ደንብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲሆን አንባቢ ይደናገራል።

ስለ ማረድና ስለ መብላት የተናገርኩት ይውጣ። የሃይማኖት ነገር ስለሆነ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል።

ይህ ሁሉ እስከ ሐሙስ። ካልሆነ ገጹ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሁለተኛው ሰው ማን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ሁለተኛው ሰው ዩሱፍ ነው። እኔ ሐዲድ ስጠግን እሱ ባቡሩ ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። አሁን ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ ነው ያለው። እሑድ ጅቡቲ ሴት ልጁ ጋ ይሄዳል። ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ዕቃውን መሸጥ ጀምሯል፤ አልጋው ትናንት ወጣ። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በርጫ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጫት ሊቅም በተቀመጠበት፣ «ዩሱፍ፣ ሳትሄድ እኔና አንተ መጽሔት ላይ እንወጣለን!» ብያለሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰው ሰምቶኛል። ተሾመ ቃሉን አይበላም።

ሰናይት፣ «አባባ፣ ይቁረጡትና ይውጣልዎ። ስንቱ ለምኖ ያጣዋል» አለችኝ። ይህን ያልሽውንም ጻፊ አልኳት። ፊቷ ቀላ፤ ጻፈች።

ማክሰኞ

ሊቆርጡት የሚፈልጉት ነገር ይኸው። እነሱ ጋ ቢጠፋ እዚህ ይቀመጥ።

አዋሽ ጣቢያ ሐዲድ ስጠግን ሳለ የዩሱፍ ባቡር እዚያ ያድር ነበር። ባደረ ቁጥር ጅግራ እናድናለን። ጠመንጃው የእኛ አይደለም፤ የጣቢያው ምግብ ቤት ባለቤት ግሪክ ነበር፣ እሱ ያውሰናል። ጅግራ መምታት ሥራ አይደለም። ጣጣው ከወደቀች በኋላ ነው። ዩሱፍ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። እሱ ያረደውን እኔ አልበላ፣ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላ። ስለዚህ ተራ አበጀን። አንዷ የእሱ፣ አንዷ የእኔ። ስትወድቅ ባለተራው ቢላዋ ይዞ ነፍሷ ሳትወጣ ይደርሳል። እኔ በስመ አብ እላለሁ፣ እሱ ቢስሚላህ ይላል። የአንዱ ተራ ሲሆን ሌላው ጦሙን ያድራል፣ አይቀየምም።

አንድ ቀን ከመንጋው አንዲት ብቻ ወደቀች። ሁለታችንም ቢላዋ መዘን ሮጥን። እኩል ደረስን።

«ተራው የእኔ ነው» አልኩት።

«አቦ ተወኝ! የባለፈውን ማን በላ?»

«የባለፈው አይቆጠርም፣ ግማሹን ጥይት ቦጫጭቆት ነበር።»

እሱ እንዲያ ሲል፣ እኔ እንዲህ ስል፣ ወፏ እግራችን ሥር ሞተች። ሳትታረድ። ለእሱም አልሆነች፣ ለእኔም አልሆነች። ያኔውኑ ጠመንጃውን ለግሪኩ መለስንና መንጠቆ ገዛን። ዓሣ አይታረድም። ዓሣ ላይ ተራ የለም።

ቀረሶ ስንበላ ከረምን። አብረን፣ ከአንድ ሳህን። ከዚያ ያ አምባዛ መጣ። ርዝመቱ ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ነው፤ ሰናይት «እስከ ወገብ ይበሉት፣ ሰው አያምንም» አለችኝ። እስከ ጉልበቴ ነው። ገመዱን ሁለታችን ይዘን፣ በቂጣችን እየተንፏቀቅን፣ ዐዞ እንዳይቀማን እየጮህን አወጣነው። መሬት ላይ ሲጋደም ነው ልብ ያልኩት። ቅርፊት የለውም። ልሙጥ ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እናቴ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ በእኔም አፍ አይገባም። ዩሱፍን አይከለክለውም። «በል ብላ» አልኩት።

«ብቻዬን? እኔ ጅብ ነኝ?» አለኝ።

ለመንኩት። እምቢ አለ። ለአገሩ ሰዎች ብንሰጥ እነሱ ዓሣ የሚባል ነገር አይነኩም፤ አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ። ያን ቀን የበላነው ደረቅ ዳቦ ነው። በመጨረሻ ግሪኩ ካሜራ አንጠልጥሎ መጣ። ተስማማን፦ እሱ ዓሣውን ይወስዳል፣ ለእኛ ፎቶ ያነሳናል። በጉንጩ ዱላ አሳለፍንበት። እኔ አንዱን ጫፍ፣ ዩሱፍ ሌላውን ጫፍ ይዘን ቆምን። ግሪኩ ዓሣውን በላ። እኔና ዩሱፍ የበላነው ፎቶውን ነው።

ይውጣ የሚሉኝ እንግዲህ ይህ ነው። ይህ ወጥቶ የሚቀረው ምንድን ነው? አንድ ሰውዬና አንድ ዓሣ። ያማ ፀጉር ቤት መጽሔቱ ላይ ያየሁት መነጽራምም አለው።

ዛሬ ፎቶውን ለማጥራት ከዚራ ወዳለው ፎቶ ቤት እሄዳለሁ። ማጥራቱን እሺ ብያለሁ። ማጥራቱን ብቻ።

ረቡዕ

ትናንት የሆነውን ጻፊ።

ሰናይት ወደ ሥራ ስትሄድ በባጃጅ ከዚራ ፎቶ ቤቱ አድርሳኝ ሄደች። ፎቶው በሙቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ባለፎቶ ቤቷ ኢፍቱ የምትባል ወጣት ናት። በቀጭን ክር ቀስ ብላ አላቀቀችው። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ወደድኳት። የሰማዩ ጥግ ትንሽ ተላጠ። ሰማይ እንደሆነ ሞልቷል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ ቬንትሌተር ይዞራል። እንቅልፍ ወሰደኝ። «አባባ፣ አልቋል» ብላ ስትነካኝ ተነሳሁ። ወረቀቱን ሰጠችኝ።

እኔ አለሁ። ዓሣውም አለ፤ እንዲያውም ከያኔው ይበልጥ ያበራል። ዩሱፍ የለም። እሱ የቆመበት ቦታ ቁጥቋጦ በቅሏል። የዱላው ጫፍ ላይ ግን እጅ አለ። እጅ ብቻ፣ እስከ አንጓው። ከቁጥቋጦው ወጥቶ ዱላውን ጨብጧል።

«ሰውዬው የት ሄደ?» አልኳት።

«አጥፉት ብለዋል እኮ አባባ። መልእክቱን ልጅዎ ልካልኛለች።»

«እጁስ?»

«እጁን ካጠፋሁትማ ዓሣው ይወድቃል! ዱላው አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ማንም አያስተውለውም ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ቁጣዬ መጣ። «እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ» አልኳት።

«ዓሣው ይወድቃል» አለች ግራ ገብቷት።

«ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። ኢፍቱ ውሃ አመጣችልኝ። ዩሱፍ ያለበትንም አጥርታ እንድታትምልኝ አደረግሁ። ሁለቱንም ይዤ፣ ዋናውንም በመሐረብ ጠቅልዬ መጣሁ።

ለኢፍቱ መልእክቱን የላከችላት ሰናይት መሆኗን ትናንት አልጠየቅኋትም። አሁን እየጻፈች ጠየቅኋት። «የሚታተምልዎ መስሎኝ ነው» አለች። አንገቷን ደፍታለች። ይጻፍ። የቀረውም ሁሉ ስለተጻፈ ነው፤ ቂም የለኝም።

ዛሬ ጾም ነው። ሙቀቱም ከጠዋቱ ጀምሮታል። ከሰዓት ሁለቱን ፎቶ ይዤ በርጫው ላይ ዩሱፍን አገኘዋለሁ።

ሐሙስ

በርጫው መጥፎ ሆነ።

እኔ ጫት አልቅምም። ለውዜን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ፣ ጨዋታው ነው የሚወስደኝ። ሁለቱን ፎቶ አወጣሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልብስ ሰፊው አብዲ እጅ ብቻ ያለበትን አየና፣ «ዋሪያ ዩሱፍ! ገና ሳትሄድ አጠፉህ እኮ!» አለ። ሌላው፣ «ጅቡቲ የምትሄደው በእጅህ ብቻ ነው? ትኬቱ ይቀንስልሃላ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ዩሱፍ ፎቶውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ብዙ አየው። «እጄ ወላሂ ቆንጆ ነበር» አለ። እንደገና ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። አዘጋጁ ያለውን ነገርኩት። የምሠራውን ሊያውቅ ይገባዋል።

«ተሼ፣ ላከው በቃ። አቦ አታካብደው። እኔ እሑድ ሂያጅ ነኝ፣ ለእኔ ብለህ አትቅርባት» አለኝ።

«ድርሻህ ነው» አልኩት። «ዓሣውን ግሪኩ በላው። የአንተ ድርሻ ይኼ ነው። እኔ የሰው ድርሻ አልሰጥም።»

«እኔ ሰጠሁህ አልኩህ!»

«አልቀበልህም!»

«አንተ ድሮም እንዲህ ነህ! ስትሰጥም አትሰጥ፣ ሲሰጡህም አትቀበል! ያቺ ጅግራ በአንተ ግትርነት ነው የሞተችው!»

«ተራው የእኔ ነበር!»

«የእኔ ነበር!»

ሰዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዩሱፍ ጫማውን አጠለቀና ወጣ። እጅ ብቻ ያለበትን ፎቶ ኪሱ ከትቶ ነው የሄደው። ረስቶ ይሁን አውቆ አላውቅም። እኔ ከለውዜ ጋር ቀረሁ። አብዲ፣ «ይኸው ሁለታችሁም ከመጽሔቱ ቀራችሁ» አለኝ። ለውዜን ሰብስቤ ወጣሁ። 

ተራው የእኔ ነበር። ይህን አሰምሪበት።

ዛሬ ጠዋት አዘጋጁ ጋ ደወልን። ሰናይት ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ተሾመ! ፎቶው ደረሰ?» አለ።

«ደርሷል። ዩሱፍን ብታወጡት ዓሣው ይወድቃል። ካላመናችሁ ከዚራ ያለችውን ልጅ ጠይቋት።»

«አልገባኝም፣ ጋሽ ተሾመ።»

አስገባሁት። ግሪኩን፣ ዳቦውን፣ ድርሻውን ነገርኩት። «ዩሱፍ ያንን ዓሣ መብላት ይችል ነበር። ያልበላው ስለ እኔ ነው። እናንተ ደግሞ መጀመሪያ ያልበላበትን ምክንያት ቁረጥ፣ ቀጥሎ ሰውዬውን ቁረጥ ትሉኛላችሁ። ሰውዬው ምን አደረጋችሁ? ሁለታችንንም፣ መብላቱንም ማረዱንም ጨምራችሁ አውጡት። ካልሆነ ጽሑፌን መልሱልኝ።»

«በስልክ የመጣ ጽሑፍ እንዴት ይመለሳል፣ ጋሽ ተሾመ?»

«እሱን እናንተ እወቁበት!»

  ያን ጊዜ ሰናይት ስልኩን አነሳችው። እኔ አላልኳትም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ረቡዕና ዓርብን የምጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው ነኝ። ቅር የሚል ነገር ቢኖረው መጀመሪያ እኔን ቅር ይለኝ ነበር። ስጽፈው እንዲያውም ሳቅሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ተቻችለው የበሉ። በቃ።»

ልጁ ዋና አዘጋጁን ላነጋግር አለና ዘጋ። ሰናይት ዩሱፍ ያለበትን ፎቶ ላከችለት።

ይህን የእሷን ክፍል መጻፍ አልፈለገችም። ብዕሯ ቆመ። ጻፊው አልኳት። ቆመ። ጻፊው! ጻፈች።

ዓርብ

አልደወሉም።

የደወሉት፦ ሹፌሩ ልጄ ከመንገድ፣ ጎማ ፈንድቶበት። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የሽንኩርት ነጋዴ ፈልጎ። ያው ሰው እንደገና፣ ሽንኩርቱ የለኝም ስላልኩት ተቆጥቶ።

ዩሱፍ ዓርብ ዓርብ ወደ መስጊድ ሲያልፍ በሬን በከዘራው ይመታል። «አለህ?» ይላል። «አለሁ» እላለሁ። ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር አንባባልም። ዛሬ በማዶው በኩል አለፈ። በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። እንዲሰማኝ ብዬ ሳልኩ። ዘወር አላለም። ግራ ጆሮው እኔ ወዳለሁበት ነበር፤ በዚያ ጆሮው ደግሞ አይሰማም። ስለዚህ ተቀይሞ ይሁን ሳይሰማኝ ቀርቶ አላውቅም። ጮክ ብዬ መጥራት እችል ነበር። አልጠራሁትም።

መጽሔቱ ይቅርብኝ ብዬ አስቤ ነበር፣ ለትንሽ። ሰውዬው ላከው ብሎኛል፣ እጁ እንዳለ አለ፣ ይውጣ በቃ ብዬም አስቤ ነበር። ለትንሽ ነው። አልፏል።

ዛሬ የምጽፈው የለኝም። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።

ቅዳሜ

ዛሬ ሰናይት ሥራ የላትም፤ ምሳ በልተን ነው የምንጽፈው። ምሳው ራሱ ወሬ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ጠዋት የመጽሔቱ መልእክት ገባ። ሰናይት አነበበችልኝ። ፎቶው ሁለታችንም እንዳለንበት ይወጣል ይላል። ስለ ማረድና ስለ መብላቱ ግን ዋና አዘጋጁ ገና አልወሰኑም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናሳውቅዎታለን ይላል። ግማሽ ነው። ግማሽ ጅግራ። መልስ ጻፊ አልኳት፦ «ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ። መብላቱ ከወጣ ፎቶውንም መልሱ።»

«እንደገና መልሱ?» አለችኝ።

«እንደገና!»

እየሳቀች ላከችው።

ከዚያ በሩ በከዘራ ተመታ። «አለህ?» አላለም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ተራው የእኔ ነበር» አለ።

«የእኔ ነበር» አልኩት። «ግባ።»

በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ከቀፊራ ገበያ ነው የመጣው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ። ፈታው። ሁለት ቀረሶ፣ በበረዶ የመጣ። «ቅርፊቱን እይ» አለኝ። «እይ፣ ኋላ እናቴ ምናምን እንዳትለኝ።» አየሁት። በጥፍሬ ፈቅፈቅ አደረግሁት። አለው። ሰናይት ጠበሰችው። ከአንድ ሳህን በላን። እሾሁን እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ አስቀመጥን፤ ያኔም እንዲህ ነበር፣ ረስቼው ነበር። ሰናይትም ከእኛ ጋር በላች።

የመጽሔቱን ነገር ነገርኩት። ፎቶው ላይ አለህ አልኩት።

«ሙሉዬን?»

«ሙሉህን። ከነዚያ ቁምጣህ።»

«ሱብሃነላህ፣ ቁምጣውን እንኳ ቢያጠፉት ምን ነበረበት!» አለ። ቀጠለና፣ «መብላቱስ?» አለኝ።

«ገና ነው። እምቢ ካሉ አሳጣቸዋለሁ።»

«እኔ በሌለሁበት ከማን ጋር ልትጣላ ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ሰናይትም አላየችንም፤ ሳህን አነሳች።

ዋናውን ፎቶ፣ ግሪኩ ያነሳውን፣ ከመሐረቡ አወጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩ። ውሰድ አልኩት። እኔ የታተመው አለኝ፤ ዋናው ይሂድ። እጁን አወዛወዘ፣ አልወስድም፣ ያንተ ግድግዳ ለምዶታል አለ። ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት። ከዚያ፣ «ተራህ ነው» አልኩት።

ስለ ጅግራዋ አይደለም። የጅግራዋ ተራ የእኔ ነበር። ይህ የፎቶው ነው።

ወሰደው። ኪሱን ዳበሰና ያንን ረቡዕ ይዞት የሄደውን አወጣ፣ እጅ ብቻ ያለበትን። አራት ቦታ ታጥፏል። «ይሄ እዚህ ይቅር» አለኝ። «ዓሣህ እንዳይወድቅ።»

ሂድ ወዲያ አልኩት። ሰናይት ተቀበለችውና በጉልበቷ ላይ እጥፋቱን ዳመጠችው። ዋናው በነበረበት ቦታ፣ ምስማሩ ላይ፣ ሰቅላዋለች። ከዚህ ይታየኛል። ቁጥቋጦው አስቀያሚ ነው። እጁ ግን እውነትም ቆንጆ ነው።

ነገ ባቡር ጣቢያ እሸኘዋለሁ። አዲሱ ጣቢያ ሩቅ ነው፤ ባጃጁ ጠዋት ይመጣል። መጽሔቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ያውጡትም አያውጡትም እኔ ቃሌን አልቀየርኩም፤ አብዲም ይወቀው።

ዩሱፍ አልሄደም፣ እዚሁ ተቀምጦ ለውዜን እየበላ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ምን እንዳስጻፍኩ መስማት እፈልጋለሁ ይላል። የዋሸሁበት ቦታ ሲደርስ ያስቆመናል አሉ። ያስቁም። እስከ ጉልበቴ ነው ያልኩትን እሱ ራሱ ይመስክር።

በይ ሰናይት፣ ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልን። ምንም እንዳታስቀሪ። በቀኙ በኩል ተቀመጪ፤ በግራ ጆሮው አይሰማም።